መኪናን ወደ ኤሌክትሪክ ውሃ ፓምፕ መቀየር፦ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ውሃውን ተከተሉ

ሞተሩ ጠፍቷል፤ ቺንጋው (ሞተሩ የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ) ቆሟል፤ የራዲያተሩ ክዳን ክፍት ነው። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ግን ውሃው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይፈሳል፣ ከታች በኩልም ቀጭን እምምታ ይሰማል። በቺንጋ የሚዞር ፓምፕ ለለመደ ሰው ግር የሚል ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ውሃ ፓምፕ ቁም ነገሩም ይኸው ነው፤ የውሃውን ዝውውር ከሞተሩ ዙር ይነጥለዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ቧንቧና ሽቦ ነው። አብዛኛው ሰው ሽቦውን ይፈራል፤ እኔ እስካሁን ካየኋቸው የተበላሹ ሥራዎች አብዛኞቹ ግን የተበላሹት በቧንቧው በኩል ነው።

ራዲያተር አውጥታችሁ መልሳችሁ የምታውቁ፣ ቴስተር ይዛችሁ 12 ቮልት መፈለግ የማይቸግራችሁ ከሆነ ሥራው ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። ሁለት የእረፍት ቀን መድቡለት። በአንድ ቀን ጨርሼ ነገ ጠዋት እነዳዋለሁ ብላችሁ ግን አትጀምሩ።

ለምን ይቀየራል? መቼስ አይቀየርም?

ፋብሪካ የገጠመው ፓምፕ እጣ ፈንታው ከሞተሩ ዙር ጋር የታሰረ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) በደቂቃ 800 ዙር ላይ ሲሆን ፓምፑም ዝግ ይላል፤ ሞተሩ 6000 ሲደርስ ፓምፑ ሰባት ተኩል እጥፍ ይፈጥናል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋው ውሃ በእጥፍ፣ ግፊቱ በአራት እጥፍ፣ ከሞተሩ የሚበላው ጉልበት ደግሞ በስምንት እጥፍ ያድጋል። ፓምፑ በዝቅተኛ ዙር ዳገት ለሚወጣ መኪና እንዲበቃ ሆኖ ስለሚሠራ፣ በከፍተኛ ዙር ከሚፈለገው በላይ ይገፋል። ያኔ ከኢምፔለሩ (ውሃውን ከሚገፋው ባለክንፍ ክፍል) ጀርባ የእንፋሎት አረፋ እየተፈጠረ ሲፈነዳ ክንፎቹን ይቦረቡራቸዋል። ሞተሩን ስታጠፉት ደግሞ ውሃው ባለበት ይቆማል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ግን ገና ትኩስ ነው። ረጅም ዳገት ወጥታችሁ ወዲያው አጥፍታችሁ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ቁልፉን ስትከፍቱ የሙቀት ጠቋሚው ቀድሞ ከነበረበት ከፍ ብሎ የምታገኙት ለዚህ ነው።

ፋብሪካዎቹም ይህን አይተውታል። ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ኤን52 ሞተር ላይ፣ ቶዮታ ደግሞ በ2009 በወጣው ሦስተኛ ትውልድ ፕሪየስ ላይ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገጥመዋል። የፕሪየሱ ሞተር ዲናሞ፣ ፓምፕና ኮምፕረሰር የሚያዞር የውጭ ቺንጋ ጭራሹኑ የለውም። እነዚያ ሞተሮች ግን ከመጀመሪያው ሲነደፉ እንዲህ ታስበው ነው። እኛ የምንሠራው ለሌላ ፓምፕ የተቦረቦረ ብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ነው፤ ልዩነቱን ወደ ታች እንደርስበታለን።

መኪናችሁ ስለሚፈላ ብቻ ይህን ሥራ አትጀምሩ። መጀመሪያ መቼ እንደሚፈላ ለዩ። ትራፊክ ውስጥ ቆሞ የሚፈላ፣ መንገድ ሲያገኝ የሚበርድ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ነፋስ ነው፤ ፋኑን፣ ሪሌውን (የፋኑን ኤሌክትሪክ የሚያበራውን ማብሪያ)፣ የፋኑን ሽፋን እዩ። በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ሰላም ሆኖ ረጅም መንገድና ዳገት ላይ የሚፈላ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር ወይም ሲሳብ የሚጨመደድ የታችኛው ማኒኮቶ (የራዲያተር ላስቲክ ቱቦ) ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ እየተከታተለ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የቴስታታው ጋስኬት ላይ ጥርጣሬ አሳድሩ። ለዚያ በሽታ ፓምፕ መድኃኒት አይደለም። የራዲያተሩን ክዳንም አትናቁ። ባሕር ጠለል ላይ 1.1 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የተራ ውሃን መፍያ ከ100 ወደ 121 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል፤ ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ይህን ሁሉ ይነጥቃችኋል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ከሆነም ቅር እንዳይላችሁ አስቀድሜ ልናገር፤ ፓምፑ የሚበላው ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከዲናሞው፣ ዲናሞው የሚዞረው በዚያው ሞተር ነው። ሥራው የሚያዋጣው ሞተር ለቀየረ፣ ጉልበት ለጨመረ፣ ለውድድር ለሚነዳ፣ ፓምፑ ገበያ ላይ ለጠፋበት አሮጌ መኪና፣ ወይም ቆሞ ረጅም ሰዓት በሚኒሞ ለሚሠራ ተሽከርካሪ ነው። ጤነኛ ፓምፕ ያለው የዘወትር መኪና ከሆነ ባትነኩት እመርጣለሁ።

አንደኛ፦ የውሃውን ካርታ ሳሉ

ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ አልቀለድኩም። ዋናው መንገድ ቀላል ነው። ከፓምፑ ወደ ብሎክ፣ ከብሎክ ወደ ቴስታታ፣ ከቴስታታ በቴርሞስታት (ውሃው እስኪሞቅ የራዲያተሩን መንገድ በሚዘጋው በር) በኩል በላይኛው ማኒኮቶ ወደ ራዲያተር፣ ከራዲያተር በታችኛው ማኒኮቶ ተመልሶ ወደ ፓምፕ። ችግሩ ያለው ቅርንጫፎቹ ላይ ነው። ወደ ሂተር የሚሄደውና የሚመለሰው፣ ባይፓሱ (ቴርሞስታቱ ሲዘጋ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ፓምፑ የሚመለስበት አቋራጭ)፣ ትሮትል ቦዲ፣ ተርቦ ካለ የተርቦው ማቀዝቀዣ፣ የዘይት ማቀዝቀዣ። እያንዳንዷን ቀጭን ቱቦ በጣት እየተከተላችሁ ከየት ተነስታ የት እንደምትገባ ጻፉ።

አሁን ካርታው ላይ አንድ ነገር ክበቡ፤ በአሮጌው ፓምፕ ቤት የመሳቢያ ጎን ላይ የሚገቡትን ሁሉ። የሂተር መመለሻና ባይፓስ በአብዛኛው እዚያ ነው የሚገቡት፤ ምክንያቱም አሮጌው ፓምፕ እዚያ ቦታ ላይ ይስባል። የኤሌክትሪክ ፓምፑን በታችኛው ማኒኮቶ ላይ ስትገጥሙት ግን ያ ቤት የመሳቢያ ጎን መሆኑ ያበቃል። ከአዲሱ ፓምፕ በኋላ ስለሚመጣ የመግፊያ ጎን ይሆናል፤ ግፊቱም ከቴስታታው ይበልጣል። ውሃ ደግሞ ሰነፍ ነው፤ ብሎኩን ዞሮ ከመሄድ በቀረበለት ቱቦ ይሾልካል።

እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ የሂተሩን መመለሻ ከነበረበት አልነካሁትም። በሚኒሞ ሁሉም ሰላም ነበር። ወጣ ብዬ ሂተሩን ስከፍት ለብ ያለ አየር ወጣ፤ የላይኛው ማኒኮቶ ግን አያስነካም። አየር ገብቶበት ነው ብዬ ግማሽ ቀን ስፈታና ስሞላ ዋልኩ። በመጨረሻ ሁለቱን የሂተር ቱቦዎች በሁለት እጄ ያዝኳቸው። ትኩስ መሆን የነበረበት መግቢያ በርዷል፣ መመለሻው ሞቋል። ውሃው ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ከራዲያተር የመጣው የበረደ ውሃ ብሎኩን ትቶ በሂተሩ በኩል እየሾለከ ቴስታታው መውጫ ላይ ይቀላቀል ነበር።

መፍትሔው እንዲህ ነው። የሂተሩን መመለሻ ከአሮጌው ቤት ነቅላችሁ በራዲያተሩና በአዲሱ ፓምፕ መካከል፣ ለፓምፑ ቀረብ አድርጋችሁ፣ ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ላይ አስገቡት። የተተወውን ቀዳዳ ጥርስ ባለው ቡሽ ድፈኑ፤ ላስቲክ አልብሶ በፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ማሰር ለሙከራ ካልሆነ አይታመንም። ባይፓሱን ደግሞ ጨርሶ ዝጉ። ክፍት ከተተወ ያልሞቀ ውሃ በቀጥታ ወደ ላይኛው ማኒኮቶ ይቀላቀላል፤ እዚያ የምታስገቡት የሙቀት ሴንሰር የተበረዘ ውሃ እየለካ «ሁሉም ደህና ነው» ይላችኋል፣ ቴስታታው ግን ይጠበሳል። ከዚህ ሥራ ስህተቶች ሁሉ ሞተር የሚገድለው ይኼ ነው።

ቴርሞስታቱ የት እንዳለም ተመልከቱ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ መውጫው ላይ ሳይሆን መግቢያው ላይ፣ የታችኛው ማኒኮቶ ብሎክ በሚገባበት ነው። እንዲህ ከሆነ መውጣቱ ግዴታ ነው፤ አለዚያ አዲሱ ፓምፕ የተዘጋ በር ይገፋል። መውጫው ላይ ከሆነ ምርጫው የእናንተ ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ኮንትሮለር (ፓምፑን እንደ ውሃው ሙቀት የሚያዝዝ ኤሌክትሮኒክ ሳጥን) የምትገጥሙ ከሆነ ቴርሞስታቱን አውጡት፤ አንድ ሥራ ላይ ሁለት አለቃ አያስፈልግም። ፓምፑ ያለ ኮንትሮለር ሁልጊዜ የሚሠራ ከሆነ ግን ተዉት፣ ሳህኑ ላይ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ብሱበት።

ሁለተኛ፦ ፓምፑን ምረጡ

ሒሳቡ አያስፈራም። ነዳጅ ከሚያመነጨው ሙቀት በግርድፉ ሲሶው ወደ ሥራ፣ ሲሶው በጭስ ማውጫ፣ ሲሶው በኩላንቱ (በማቀዝቀዣው ፈሳሽ) በኩል ይወጣል። ስለዚህ 75 ኪሎ ዋት (100 የፈረስ ጉልበት) የሚያወጣ ሞተር ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ለኩላንቱ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ዋት ያስረክባል፤ እኛ ዝቅተኛውን 50 እንውሰድ። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈጃል። ውሃው ሞተሩን ሲያቋርጥ በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ ከፈለግን 50 ሲካፈል ለ42፣ በሴኮንድ 1.2 ሊትር፣ በደቂቃ 71 ሊትር ይመጣል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ስለሚያንስ 82 ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል።

እሽጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ፓምፑ ያለ ከባድ ተቃውሞ ሲሠራ የሚሰጠው ነው። በብሎክና በራዲያተር ቀጫጭን መንገዶች ውስጥ ሲገፋ ያንሳል። ስለዚህ ሒሳባችሁ 80 ካለ 80 የሚል ፓምፕ አትግዙ፤ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ። ለምሳሌ የዴቪስ ክሬግ ፓምፖች በደቂቃ በሚገፉት ሊትር 80፣ 115፣ 150 እየተባሉ ይሸጣሉ። ለመካከለኛ ባለ አራት ሲሊንደር መኪና እኔ 115ቱን እወስዳለሁ።

እነዚህ በ12 ቮልት ቀጥታ የሚሠሩ ናቸው፤ ኮንትሮለራቸው ኤሌክትሪኩን እየሰጠና እየነሳ ያዝዛቸዋል። ሌላው ዓይነት ኤሌክትሮኒክሱ በውስጡ ያለ፣ ትእዛዝ በሲግናል ሽቦ የሚቀበል ነው፤ የፒርበርግ ሲደብልዩኤ200 እና ሲደብልዩኤ400 የታወቁ ናቸው። 400ው በሙሉ ኃይል 400 ዋት ያህል ይበላል፣ በ13 ቮልት 30 አምፔር ገደማ ማለት ነው። እነዚህን የሚያዝ ትክክለኛ ሲግናል ሳትይዙ አትግዙ፤ ቮልቴጅ በመቀነስ ለማዘግየት የሚሞክር ሰው ፓምፑንም ጊዜውንም ያጣል። ከፈራረሰ መኪና የወጣ ፓምፕስ? ስንት ዓመት እንደሠራ አይናገርም። እኔ አልገዛውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሂተር ለማገዝ ወይም ሞተር ከጠፋ በኋላ ተርቦን ለማብረድ የሚገጠሙ፣ በመዳፍ የሚያዙ ትናንሽ ፓምፖች አሉ። በደቂቃ የሚገፉት ከ20 ሊትር ብዙም አያልፍም። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ዋና ፓምፕ ግን አይደሉም።

ሦስተኛ፦ አሮጌውን ፓምፕ አሳርፉ

ቺንጋውን አውልቆ አሮጌውን ፓምፕ እንዳለ መተው አይቻልም። የቆመ ኢምፔለር ውሃው መንገድ ላይ የተጋደመ ድንጋይ ነው።

የሚቀለው መንገድ ፓምፑን ፈትቶ ኢምፔለሩን ብቻ ማውጣት ነው። በማውጫ ከዘንጉ ይሳባል፤ እምቢ ካለ ክንፎቹ ይቆረጣሉ። ዘንጉ፣ ኩሽኔታውና ማኅተሙ ይቆያሉ፤ ፓምፑ በአዲስ ጋስኬት ወደ ቦታው ይመለሳል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልተነካም፤ ቺንጋው እንደ ድሮው ይዞራል፣ ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር) ላይ ፋን ታስሮ ከነበረም እሱም ይዞራል። ሁለተኛው መንገድ ፓምፑን ጨርሶ አውጥቶ ቦታውን በወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን መሸፈንና አጠር ያለ ቺንጋ መግጠም ነው። ንጹሕ ሥራ ነው። ግን ሳህኑ ውሃው ወደ ብሎክ የሚገባበትን ቀዳዳ እንዳያጠብ፣ ቺንጋውም ዲናሞውን በቂ ያህል አቅፎ እንዲዞር ልብ በሉ፤ በፓምፑ ዘንግ ላይ የነበረ ፋንም አብሮ ስለሚሄድ የኤሌክትሪክ ፋን ግድ ይላል።

ፓምፑ በታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን መከፈቻ ከፒስተኖቹ ጋር በሚያስማማው ቺንጋ) የሚዞር ከሆነ ምርጫ የለም። ፑሌጃው የቺንጋው መንገድ አካል ስለሆነ መቅረት አይችልም፤ ኢምፔለሩ የወጣለት፣ ኩሽኔታው አዲስ የሆነ ፓምፕ ተመልሶ ይገባል። ታይሚንግ ቺንጋ ገጥማችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህችን ክፍል ለሚያውቅ ሰው ስጡ። አንድ ጥርስ መሳሳት በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቭና ፒስተን ያጋጫል።

አራተኛ፦ እጠቡ

ሞተሩ በርዶ ኩላንቱን በዕቃ ተቀብላችሁ አስወግዱ። በኩላንቱ ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ መሬት ላይ የፈሰሰውን ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ በፊትም በኋላም አቅጣጫ፣ የሚወጣው እስኪጠራ ድረስ እጠቡ። ከብረት ብሎክ የሚፈረፈር ዝገት ለአሮጌው ፓምፕ ምንም አልነበረም፤ ለአዲሱ የፕላስቲክ ኢምፔለር ግን እንደ አሸዋ ነው። ብሎኩ በጣም የዛገ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የላይኛው ማኒኮቶ ውስጥ ማጥለያ አስገቡና ቶሎ ቶሎ ፈታችሁ እዩት።

አምስተኛ፦ ግጠሙት

ቦታው የታችኛው ማኒኮቶ ነው፤ የቻላችሁትን ያህል ዝቅ፣ ከጭስ ማውጫው ራቅ። ይህ ፓምፕ አየር ጠጥቶ ውሃ መሳብ አይችልም፤ ውሃው ራሱ ወርዶ ሊሞላው ይገባል። መግቢያው ወደ ራዲያተር፣ መውጫው ወደ ሞተር፤ አካሉ ላይ ያለውን ቀስት ሁለቴ እዩ። መውጫው ወደ ላይ ያዘነበለ ከሆነ አየሩ በራሱ ይሸሻል። የፓምፑ ሞተር በየትኛው አቅጣጫ እንዲያርፍ እንደሚፈቀድ ከራሱ መመሪያ አንብቡ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ማኒኮቶውን ከመቁረጣችሁ በፊት ፓምፑን አጠገቡ ይዛችሁ በኖራ ምልክት አድርጉ። ሞተር በጋዝ ሲረገጥ ይወዛወዛል፣ ራዲያተር ግን ቋሚ ነው፤ ስለዚህ ፓምፑን ከሁለቱ ወደ አንዱ ብቻ አስጠጉና በላስቲክ ትራስ ላይ እሰሩት፣ በሌላው ወገን ላስቲኩ የሚላወስበት ትርፍ ይኑረው። ቱቦው አልገባ ሲል ቅባት አትጠቀሙ፤ በኩላንት ማርጠብ ይበቃል፣ ቅባት ላስቲኩን ያለሰልስና ፋሸታው እያለ ይንሸራተታል። በመሳቢያው በኩል ያለው ቱቦ አጭርና ጠንካራ ይሁን፤ የቀድሞው ማኒኮቶ በውስጡ የሽቦ ስፕሪንግ ከነበረው እንዳትጥሉት፣ እንዳይጨመደድ የሚከላከለው እሱ ነው።

ሴንሰሩን የላይኛው ማኒኮቶ ከቴስታታው በሚወጣበት፣ ለሞተሩ በጣም ቀርቦ አስቀምጡት። ጫፉ ውሃ ውስጥ መጠመቅ አለበት። ቱቦው ላይ ከላይ ሳይሆን ከጎን ቢገባ እመርጣለሁ፤ አየር ከተጠራቀመ ከላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ከላይ የገባ ሴንሰር የሚለካው አየር ይሆናል። የመኪናውን የራሱን ጠቋሚ ሴንሰር አትንኩት። ሁለተኛ ምስክር ነው።

ስድስተኛ፦ ሽቦው

የፓምፑን ኤሌክትሪክ ከመብራት ወይም ከሬዲዮ ሽቦ አትቀጥሉ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ ፊውዙም ከባትሪው በስንዝር ርቀት ውስጥ። ፊውዙ የሚጠብቀው ፓምፑን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ከሱ በፊት ያለው ሽቦ ቢቆስልና ብረት ቢነካ የሚያቆመው የለም።

ውፍረቱን እንመልከት። ፓምፑ 10 አምፔር ይበላል፣ ሽቦው ደርሶ መልስ 4 ሜትር ነው እንበል። 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ ብትጠቀሙ 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 2.5 ብትጠቀሙ 0.28 ብቻ። ፓምፕ ሲጎድልበት ዙሩ ይቀንሳል፣ ከላይ እንዳየነው ዙሩ ትንሽ ሲቀንስ ግፊቱ በብዙ ይወርዳል። ስለዚህ 2.5፣ ለትላልቆቹ 4 ወይም 6።

ኮንትሮለሩ በአብዛኛው ሁለት የተለያዩ ፖዘቲቭ ይፈልጋል። አንዱ ሁልጊዜ የሚኖር ከባትሪ፣ ሌላው ቁልፉ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ምልክት። ሁለቱንም ከቁልፉ ካመጣችሁ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም አብሮ ይሞታል፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ 2 ደቂቃ ያህል ማዞር መቻሉ ነው። ፋኑ በኮንትሮለሩ ቢታዘዝም ጉልበቱን በሪሌ ያግኝ፤ በሪሌው እግሮች ቁጥር ከባትሪ በ30፣ ወደ ፋን በ87፣ ትእዛዙ በ85 እና 86። ማሳውን (ኔጌቲቩን ሽቦ) ቀለም በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ ወይም ባትሪው ላይ አሳርፉ። ኮንትሮለሩን ራሱን ኮፈን ስር አትክተቱት፤ ከሙቀትና ከውሃ ራቅ ብሎ ዳሽቦርድ ስር ይሁን።

ዲናሞውንም አስቡት። ፓምፕ 10፣ ፋን 20፣ መብራትና መጥረጊያ ሲጨመር ማታ ዝናብ ላይ ቆማችሁ በሚኒሞ የምታወጡት አምፔር ቀላል አይደለም። ሁሉንም አብርታችሁ ባትሪው ላይ በቴስተር ለኩ፤ ከ13 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ፓምፑ ሳይሆን ዲናሞው ነው የሚቀየረው።

ከሁሉም ሽቦ የማይዘለል አንድ ሽቦ አለ፦ ከኮንትሮለሩ ጋር የማይገናኝ፣ ቴስታታው ላይ የራሱ የሙቀት ማብሪያ ያለው፣ 105 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚጮህ ጩኸት። ቺንጋ ሲበጠስ የባትሪ መብራት በርቶ ይነግራችሁ ነበር። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚቆም።

ሰባተኛ፦ ሙሉና አየሩን አስወጡ

ፓምፑን ደረቁን አታስነሱት። ማኅተሙ የሚቀዘቅዘውና የሚለሰልሰው በውሃው ነው። የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርጋችሁ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። ሲሞላና ጉርጉርታው ሲያልቅ ሞተሩን ሳታስነሱ ፓምፑን ለአምስት ሴኮንድ ያህል አብርታችሁ አጥፉ። የውሃው መጠን ይወርዳል፤ ጨምሩ፤ ድገሙ። ማኒኮቶዎቹን በእጅ መጨመቅ የተደበቀ አየር ያባርራል። አየር እያለ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ነው፤ ሲጠራ ወደ አንድ ወጥ እምምታ ይቀየራል። ልዩነቱን ጆሮ በቀላሉ ይለየዋል።

በቺንጋ ፓምፕ አየር ለማስወጣት ሞተር ማሞቅና ትኩስ ውሃ ላይ መጎንበስ ነበረባችሁ። እዚህ ሁሉም ነገር በርዶ ነው። ተጠቀሙበት፤ ግማሽ ሰዓት ይውሰድ። በዚያው እያንዳንዱን መገናኛ በደረቅ ወረቀት እየነካችሁ ፍሳሽ ፈልጉ።

ከዚያ ክዳኑን ዝጉና ሞተሩን አስነሱ። ሲበርድ ኮንትሮለሩ ፓምፑን ለጥቂት ሴኮንዶች እያበራ ረዘም አድርጎ ያጠፋዋል። ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ውሃው ጨርሶ እንዳይቆምና ቴስታታው ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ እንዳይግል ነው። ሙቀቱ ወደ ታለመው ሲጠጋ ማብሪያው እየረዘመ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ያለማቋረጥ ይሠራል፣ ጥቂት ዲግሪ ካለፈ ፋኑ ይነሳል። አሁን በሁለት እጅ የሂተር ቱቦዎቹን ያዙ። መግቢያው ትኩስ፣ መመለሻው ትንሽ የበረደ መሆን አለበት። ከተገላበጠ ወደ ካርታው ተመለሱ።

ስምንተኛ፦ የሙቀቱ መጠንና የመንገድ ሙከራ

ብዙ ሰው «ከቀዘቀዘ ይሻላል» ብሎ 75 ላይ ያስቀምጠዋል። አይሻልም። ዘይቱ እርጥበቱን የሚያተነው ሲሞቅ ነው፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ደግሞ ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ ሊያበዛ ይችላል። በአንዳንድ መኪኖች ፒ0128 የሚል ኮድ አውጥቶ የፍተሻ መብራት ያበራል፤ ውሃው በሚጠበቀው ጊዜ ያህል አልሞቀም ማለት ነው። ያወጣችሁት ቴርሞስታት ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቡና እሱን ወይም የሚቀርበውን ስጡት። ብዙውን ጊዜ 82 ወይም 88 ይላል።

ሙከራውን ከቤት ሳትርቁ ጀምሩ። መጀመሪያ ቆሞ፣ ከዚያ ሜዳ፣ በመጨረሻ ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ። የኮንትሮለሩንና የዳሽቦርዱን ጠቋሚ አስተያዩ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ካልተከተለው ወይ ሴንሰሩ አየር ላይ ነው፣ ወይ አንድ አቋራጭ ክፍት ቀርቷል። ጠቋሚው ከፍ ብሎ ቆይቶ በድንገት ቁልቁል ከወደቀ «ተመስገን፣ በረደ» አትበሉ፤ ውሃው ወርዶ ሴንሰሩ ባዶ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አቁሙ።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲበርድ የውሃውን መጠን እዩ፣ ትንሽ መውረዱ ያለ ነው። ላስቲኩ ሞቆ ሲበርድ ስለሚላላ ፋሸታዎቹን በሙሉ አንዴ አጥብቁ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ድገሙት፣ የሽቦ መያዣዎቹንም በእጃችሁ ዳስሱ። ከሌሎቹ ይልቅ የሚሞቅ መያዣ ካገኛችሁ በደንብ ያልተጨመቀ ነው፤ ሳይቀልጥ ቁረጡና እንደገና ሥሩት።

መንገድ ላይ ጩኸቱ ከጮኸ ደግሞ አንድ የቆየ ልማድ እርሱ። ሲፈላ ሂተር ከፍቶ ቀስ እያሉ መንዳት በቺንጋ ፓምፕ ዘመን ይሠራ ነበር፤ ውሃው ስለሚዞር ሂተሩ እንደ ትንሽ ራዲያተር ያግዛል። የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ከቆመ ግን ሂተሩ ውስጥ የሚዞር ውሃ የለም። ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ፤ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ፓምፑ መያዣ ላይ 12 ቮልት መድረሱን እዩ። ትርፍ ፊውዝና አጭር ሽቦ መሳቢያው ውስጥ ካለ፣ ፓምፑን ከባትሪው በፊውዙ በኩል ቀጥታ አገናኝታችሁ ያለ ኮንትሮለር ሁልጊዜ እየሠራ ቤት መድረስ ይቻላል።